የግንድ ቧጣጯ ፎቶ እንዴት እንደተነሣ

ጡረታ የወጣሁ ዕለት በመሥሪያ ቤታችን አዳራሽ ለስላሳና ዳቦ ቀረበ፤ ኃላፊው ንግግር አደረገ፤ መጨረሻ ላይ በስጦታ ወረቀት የተጠቀለለ ሰፊ ነገር አስታቀፉኝ። «ይክፈቱት! ይክፈቱት!» ተባለ። ከፈትኩት። በመስታወትና በወርቃማ ፍሬም የተገጠመ ፎቶ ነው። ራሴ ከብዙ ዓመት በፊት ያነሣሁት። አንዲት ትንሽ ወፍ በጎጆዋ ጠርዝ ቆማ ሁለት ጫጩቶቿን ታጎርሳለች። ሰው ሁሉ ተነሥቶ አጨበጨበልኝ። እኔ ፊቴ ጋለ። ደስታው የበዛብኝ መስሏት አንዲት የሒሳብ ክፍል ልጅ ሶፍት አቀበለችኝ።

ደስታ አልነበረም፤ ንዴት ነው። ያው ፎቶ ሰቆጣ መግቢያ ላይ ከሁለት ሰው ቁመት በላይ ሆኖ በቢልቦርድ ተሰቅሏል፤ «ኑ፣ ተፈጥሯችንን ይጎብኙ» የሚል ተጽፎበታል። የከተማው ሰው ባለፈ ባገደመ ቁጥር «ያንተ ሥራ አይደል? ኮራንብህ» ይለኛል። ስለዚህ ፎቶ አንድም ቀን እውነቱን ተናግሬ አላውቅም ነበር። አሁን ደመወዜን የሚያስቀርብኝ ሰው ስለሌለ ሳይሆን፣ ዝም ማለቴ ሌላ ጥፋት ሊወልድ ሲል በዓይኔ ስላየሁ ነው የምጽፈው።

ሥራ የጀመርኩት ሰቆጣ፣ በዞኑ የማስታወቂያ መሥሪያ ቤት፣ በተላላኪነት ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ደብዳቤ ከቢሮ ቢሮ ሳመላልስ፣ የመሥሪያ ቤቱ ብቸኛ ፎቶ አንሺ አያ ፈንቴ ጀርባቸውን አሟቸው ቦርሳቸውን የሚሸከም ሰው ጠየቁ። እኔ ተሰጠሁ። አያ ፈንቴ ቀጭን፣ ንግግር የማያበዙ፣ ዘወትር አንድ ዓይነት ካኪ ኮት የሚለብሱ ሰው ነበሩ። በደረት ኪሳቸው በላስቲክ የተጠቀለለ አሮጌ የነጠላ ቁራጭ ይይዛሉ፤ የካሜራውን ሌንስ ከዚያ በቀር በሌላ ነገር አይነኩትም። ጨርቁን ራሳቸው በፈላ ውኃ ያጥቡታል። እኔ እንድይዘው የፈቀዱልኝ በሁለተኛው ዓመት ነው።

አንድ ቦታ ስንደርስ ካሜራውን ቶሎ አያወጡም። የእርከን ሥራ ይሁን፣ የምንጭ ምረቃ ይሁን፣ ስብሰባ ይሁን፣ መጀመሪያ ይቀመጣሉ፤ ውኃ ይጠጣሉ፤ ለሰዉ ለምን እንደመጡ ይናገራሉ። እኔ ስቸኩል፣ «መጀመሪያ እኛን ይልመዱን እንጂ፣ ምስጋናው። እንደ ግብር ሰብሳቢ ዘለን እንግባ እንዴ?» ይሉኛል። ሠላሳ ስድስት ምስል የሚያነሣ አንድ ፊልም ለወር ይበቃቸው ነበር። ካነሡ በኋላ በደብተራቸው ቦታውን፣ ሰዓቱን፣ ብርሃኑ ከየት እንደመጣ ይጽፋሉ። ፊልሙ ደሴ ሄዶ ታጥቦ እስኪመለስ ሳምንታት ያልፋሉ፤ ሲመጣ ደብተሩን ከፍተው እያንዳንዱን ምስል ከጻፉት ጋር ያስተያያሉ። እንደዚያ ያለ ሰው ከዚያ ወዲህ አላየሁም።

ወፏን ያሳዩኝ እሳቸው ናቸው። ከሰቆጣ ወጣ ብሎ ካለ አንድ የገጠር ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ምንጭ ተገንብቶ ፎቶ አንሥተን ስንመለስ፣ በቅጥሩ ውስጥ ካሉት ትልልቅ የጽድ ዛፎች ሥር ዐረፍ አልን። አያ ፈንቴ ድንገት እጄን ያዙ።

«ያ ቅርፊት ተንቀሳቀሰ» አሉ።

አየሁ። ግንድ ነው። «የቱ?» አልኳቸው።

«አፍጥጠህ አትይ። ዝም ብለህ ጠብቅ።»

ጠበቅሁ። ከግንዱ ሥር አንዲት የቅርፊት ቁራጭ የምትመስል ነገር ወደ ላይ ፈቀቅ አለች፤ ቆመች፤ እንደገና ፈቀቅ አለች። መዳፍ የማትሞላ ወፍ ናት። ጀርባዋ ጥቁርና ቡናማ ሆኖ በነጭ ነቁጥ ተረጭቷል፤ ልክ የአሮጌ ጽድ ቅርፊት። መንቁሯ ቀጭንና ጎበጥ ያለ፣ የጆንያ መስፊያ ወስፌ ይመስላል። እሱን ስንጥቅ ውስጥ እየከተተች ጉንዳንና ሸረሪት ታወጣለች። የአገሬው ሰው የሚጠራበት ስም እንዳለ ጠይቀን «ወፍ ናት» ከማለት በቀር አላገኘንም። ስለዚህ አያ ፈንቴ ግንድ ቧጣጭ አሏት። እኔም እንደዚያው ስጠራት ኖርኩ።

ከዚያ ዕለት ጀምሮ የመንግሥት ሥራችንን ስንጨርስ፣ በተለይ በሰንበት ማግሥት፣ ወደዚያ ቅጥር መሄድ ልማዳችን ሆነ። ይችን ወፍ ማንሣት ከባድ ነው። ፀሐይ ከኋላህ ሆና ግንዱን ፊት ለፊት ስትመታው ወፏ ትጠፋለች፤ ዓይንህ ሥር ሆና አታያትም። ብርሃኑ ከጎን መምጣት አለበት። ያኔ ወፏን ሳይሆን ግንዱ ላይ የምትጥለውን ጥላ ታያለህ። ጥላው ሲንቀሳቀስ እሷ አለች ማለት ነው። ደግሞ ሁልጊዜ ከሥር ጀምራ ወደ ላይ ትወጣለች፤ ጫፍ ስትደርስ ትበርና ቀጣዩ ዛፍ ሥር ታርፋለች። ስለዚህ ያለችበትን ዛፍ ተከትሎ መሮጥ ከንቱ ድካም ነው። የምትመጣበትን ዛፍ ገምተህ፣ ሥሩን አነጣጥረህ ትቀመጣለህ። ነጭ ጋቢ አይለበስም። የካሜራው ድምፅ እንዳያስደነግጣት አያ ፈንቴ ካሜራውን በኮታቸው ይጠቀልሉታል። ከደነገጠች አትበርም፤ መንቁሯን ወደ ላይ ቀስራ ግንዱ ላይ ልጥፍ ትላለች። ያኔ ሩብ ሰዓት ብትጠብቅ እሷ የበለጠ ትጠብቃለች።

ድምፅዋን መለየት ሦስት ዓመት ወሰደብኝ። ቀጭን፣ በጥርስ መካከል እንደሚወጣ ፉጨት ያለ ተከታታይ ድምፅ ነው። በመጀመሪያ ከሩቅ የሚመጣ ይመስልሃል፤ ራስህ ላይ ሆና ነው የምትዘምረው።

አለቆቻችን ይህን ሁሉ እንዴት እንዳዩት ልንገራችሁ። ከዓመት በላይ ደክመን አሥራ አንድ ጥሩ ፎቶ አገኘን። አያ ፈንቴ ለመጀመሪያው ኃላፊ ወስደው አሳዩት። አገላብጦ አየና፣ «አቶ ፈንቴ፣ ይኼ የግንድ ፎቶ ነው። መንግሥት ፊልም የሚገዛልዎት ለግንድ ነው?» አላቸው። የሚቀጥለው ኃላፊ ደግሞ ወፏን ሲያሳዩት ደስ አለው፤ ደስ አለውና ቀይ እስክሪብቶ አውጥቶ በፎቶው ላይ፣ በራሱ በፎቶው ላይ፣ ወፏን አከበባት! «አሁን ሰው ያያታል» አለ። አያ ፈንቴ ፎቶውን ይዘው ወጡ። ኮሪደሩ ላይ ቆመው ቀዩን ክብ በዚያ በነጠላ ቁራጫቸው ለማጥፋት ሲሞክሩ አየኋቸው። አልጠፋም። እኔ ተናድጄ ብዙ ተናገርኩ፤ እሳቸው ማሸታቸውን ቀጠሉ።

እንግዲህ ወደ ጥፋቴ ልምጣ። ሦስተኛው ኃላፊ የቀን መቁጠሪያ ሊያሳትም አሰበ። ጠራኝና፣ «አንተና ሽማግሌው የምትከተሏት ወፍ አለች አሉኝ። ግንድ አልፈልግም። ጎጆ፣ ጫጩት፣ የምታጎርስ እናት አምጣልኝ። ካመጣህ የፎቶ ክፍሉን ኃላፊነት ላንተ አደርገዋለሁ» አለኝ። አያ ፈንቴ ጡረታቸው ቀርቦ ነበር። ቦታው የእኔ እንደሚሆን የታወቀ ነው፤ ግን ቸኮልኩ። ለእሳቸው ሳልነግር ብቻዬን ሄድኩ።

ወሩ ሚያዝያ ነበር። ጎጆዋን ለማግኘት አራት ቀን ፈጀብኝ። አግድም ባደገ የወይራ ቅርንጫፍ መንታ ላይ፣ በሸረሪት ድርና ቅርንጫፍ ላይ በሚበቅለው ግራጫ የዛፍ ሽበት ሸፍና፣ የቅርንጫፉ እብጠት አስመስላ ሠርታዋለች። ከላዩ ሁለት ቅጠላም ቀንበጦች ተንጠልጥለው እንደ ጥላ ከልለውታል። ውስጡ ሁለት ጫጩቶች አሉ። መሥሪያ ቤቱ ኋላ የሰጠኝን ካሜራ ደገንኩ፤ ጨለማ ነው። ቅጠሉ ብርሃን አያሳልፍም። በሌላ በኩል ዞርኩ፤ ጨለማ ነው። ፀሐይ እስክትዞር ሦስት ሰዓት ያህል ተቀመጥኩ፤ ያው ነው።

ከኪሴ ሰንጢ አወጣሁ። ዛፉ ላይ ወጣሁና ሁለቱን ቀንበጦች ቆረጥኳቸው።

ብርሃኑ ጎጆው ላይ ዝርግፍ አለ። እናቲቱ ጥቂት ፈርታ ቆይታ መጣች፤ ትል በአፏ ይዛለች፤ ጫጩቶቹ አፋቸውን ከፈቱ። አነሣሁ። በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ግልጽ ምስል አንሥቼ አላውቅም። እየዘለልኩ ነው ወደ ቤቴ የተመለስኩት።

በማግሥቱ ደግሜ ላነሣ ሄድኩ። ጎጆው ባዶ ነው። ያ የመደበቅ ዘዴዋ ሁሉ በአንድ ቀን ከንቱ ሆኖ፣ ቁራ ከላይ ሆኖ አይቶ ወስዷቸዋል። ከወይራው ሥር አንድ እፍኝ የማይሞላ የዛፍ ሽበት ወድቋል። እናቲቱ ትል ይዛ መጣች። በጎጆው ጠርዝ ላይ ቆመች። ወደ ውስጥ አየች። ትሏን እንደያዘች በረረች፤ ተመልሳ መጣች፤ እንደገና አየች። ስንት ጊዜ እንደተመላለሰች አልቆጠርኩም።

በቅጥሩ ጥግ ትንሽ ቤት ውስጥ የሚኖሩ እማሆይ ጥዑመ የሚባሉ መነኩሲት ነበሩ። አማርኛውን ከአገሩ ቋንቋ ከኽምጣንኛ እያቀላቀሉ ነው የሚናገሩት። ወፏን ከእኛ በፊት የሚያውቋት እሳቸው ናቸው። መቋሚያቸውን ተደግፈው መጡና ወይራውን ቀና ብለው አዩ።

«ያ ቅጠል ምን ሆነ፣ ልጄ?» አሉኝ።

«ነፋስ ነው፣ እማሆይ። ነፋስ ገንጥሎት ነው» አልኳቸው።

ሰንጢው ኪሴ ውስጥ ነበር። እማሆይ ወይራውን አንዴ ደግመው አዩና ወደ ቤታቸው ገቡ።

ፊልሙ ታጥቦ ሲመጣ አያ ፈንቴ እንደ ልማዳቸው ማጉያ መነጽራቸውን አውጥተው አንድ በአንድ አዩ። ያንን ምስል ሲደርሱ ቆሙ። ወደ ማዕዘኑ አስጠጉት። ልብ ያላልኩት ነገር ነበር፤ በምስሉ የቀኝ ጫፍ ላይ የተቆረጠው ቀንበጥ ጉቶ ገብቷል። ትኩስ የተቆረጠ እንጨት ስለሆነ ነጭ ነው፤ ቢላዋ የነካው ለመሆኑ ማስረዳት አያስፈልገውም።

«ጫጩቶቹስ?» አሉኝ።

ፎቶውን ጠረጴዛው ላይ ገልብጠው አስቀመጡት። አልተቆጡኝም። ቢቆጡኝ በወደድኩ። «ለኃላፊው ስትሰጥ ጠርዙን ቁረጠው። ሌላ ሰው አይቶ እንዳይማርበት» አሉኝና ኮታቸውን ለብሰው ወጡ። ጠርዙን ቆርጬ ሰጠሁ። የቀን መቁጠሪያው ታተመ፤ የምስክር ወረቀት ተሰጠኝ፤ የፎቶ ክፍሉ ኃላፊ ሆንኩ። አያ ፈንቴ በዚያው ዓመት ጡረታ ወጡ። ከዚያ በኋላ ሰላምታ አላጎደሉብኝም፤ ወደዚያ ቅጥር ግን አብረን ሄደን አናውቅም። ሲሞቱ እኔ ጽጽቃ ወረዳ ተመድቤ ነበር፤ ቀብራቸው ላይ አልደረስኩም።

ጽጽቃ የተላክሁት ከአንድ ኃላፊ ጋር ተጣልቼ ነው። ስብሰባ ላይ ያልነበረ ሰው በፎቶ ላይ እንዲገባ አድርግ ብሎኝ እንቢ አልኩ። ከዚያ ጥፋት ወዲህ ምስል አስተካክል ሲሉኝ ደሜ ይፈላል። ሁለት ዓመት ክትባት የሚወጉ ከብቶች፣ የሚመረቁ ክፍሎች፣ እህል የሚጠብቁ ሰዎች አነሣሁ። ከዚያ ወደ ጋዝጊብላ ወረዳ ተዛወርኩ፤ በገበያ ቀን በእግሩ የሚመጣውን ሕዝብ ከኮረብታ ላይ ሆኜ ያነሣሁት ዛሬም አያሳፍረኝም። ወደ ሰቆጣ ስመለስ ፊልም ቀርቶ ዲጂታል መጥቶ ነበር። ወረቀቱ፣ የፊርማው ብዛት፣ የባትሪ መጠየቂያው ቅጽ፣ ይኼን ሁሉ ለመሥሪያ ቤቱ መዝገብ እተወዋለሁ።

የሰሜኑ ጦርነት ባለፈ ጊዜ ወደ ቅጥሩ ሄድኩ። መብራትም መንገድም በተቋረጠበት ወራት በአካባቢው ያለ ዛፍ ለማገዶ ሲያልቅ፣ ቄሰ ገበዝ አድማሱ፣ የቤተ ክርስቲያኑ ንብረት ኃላፊ ናቸው፣ ከምእመናኑ ጋር ተራ እየገቡ ይህንን ጠብቀው አቆይተውታል። በዙሪያው ኮረብታው ተራቁቶ፣ መሀሉ ላይ ያቺ ጥቁር አረንጓዴ ክብ ብቻ ቀርታለች። ገብቼ ተቀመጥኩ። ከረጅም ሰዓት በኋላ ያ ቀጭን ፉጨት ተሰማኝ። ካሜራ ይዤ ነበር፤ አላወጣሁም።

እንዲህ እንዲህ እያለ ጡረታዬ ደረሰ። የአሁኑ ኃላፊ ከመዝገብ ቤት የድሮውን ፊልም አስወጥቶ ምስሉን በሙሉ፣ እኔ የቆረጥኩትን ጠርዝ ሳይቀር፣ አሳትሞ ሰቀለው። ያ ነጭ ጉቶ አሁን በከተማው መግቢያ የእንጀራ ሰፌድ ያህል ሆኖ ቆሟል! በየቀኑ ስንት ሰው ያልፋል? አንድ የጠየቀ የለም። ኃላፊውን ክንዱን ይዤ ወስጄ፣ «ያ ምንድን ነው?» አልኩት። ቀና ብሎ አየና፣ «ዲዛይን አይደለም እንዴ?» አለኝ። ከእሱ ጋር ከዚህ በላይ መናገር አልቻልኩም። ያን ዕለት እውነቱን ልነግረው ይገባኝ ነበር፤ ዋጥኩት።

ጡረታ በወጣሁ በሁለተኛው ወር ነው። ሚያዝያ ነበር። ጠዋት ቄሰ ገበዝ አድማሱ ደወሉልኝ።

«አቶ ምስጋናው፣ እንግዶችህ መጥተዋል።»

«የምን እንግዶች?»

«እኔ ምን አውቄ። ኃላፊያችሁ ይዟቸው መጣ፤ የፈቃድ ደብዳቤ አላቸው። ያንተን ፎቶ በስልካቸው እያሳዩ ጎጆው የት ነው ይላሉ። አግኝተውታልም። መሰላል ይዘው ገብተዋል።»

መሰላል የሚለውን ስሰማ ጫማዬን በቅጡ ሳላስር ወጣሁ። ባጃጁ እስከ አስፋልቱ ዳር ድረስ አደረሰኝ፤ ከዚያ ያለውን ዳገት እንዴት እንደወጣሁት አላውቅም፤ ጉልበቴ ሳምንት ሙሉ አሞኛል። ከቅጥሩ ሳልደርስ የግንድ ቧጣጯ ፉጨት ሰማሁ። ግን ደግሞ ልክ አይደለም። ሳያቋርጥ፣ ሳይተነፍስ፣ አንድ ዓይነት ሆኖ ይደጋገማል። ገብቼ ሳይ አንዱ እንግዳ የወፏን ድምፅ ከስልኩ በድምፅ ማጉያ ከፍቶ ቆሟል። ወፏ ሌላ ወፍ ግዛቷን የደፈረ መስሏት ከዛፍ ዛፍ ትበራለች፤ ላባዋ ቆሟል፤ ስታርፍም አፏን ከፍታ ታለከልካለች። ጎጆዋን ትታ ነው። ሦስት ትልልቅ ሌንሶች ተደግነውባታል። ከወይራው ጋር መሰላል ተደግፏል፤ አንድ የቀን ሠራተኛ ገጀራ ይዞ እላዩ ላይ ነው፤ ኃላፊው ከሥር ሆኖ በጣቱ ያሳየዋል።

«ያቺን፣ እሷን ብቻ። ብርሃን እንድታስገባ» ይለዋል።

«ውረድ!» ብዬ ጮህኩ። በሥራ ዘመኔ ሙሉ በሰው ላይ ጮኼ አላውቅም። ሠራተኛው ደንግጦ መሰላሉን አቀፈ። ሄጄ የዚያን ሰውዬ ስልክ ከነድምፅ ማጉያው ከእጁ ነጠቅሁት፤ እንዴት እንደሚጠፋ ስላላወቅሁ ኮቴ ውስጥ ጠቀለልኩት።

«አቶ ምስጋናው!» አለ ኃላፊው፤ እየሳቀ ለማለፍ ፈለገ። «ተዋወቁ፤ ፎቶውን ያነሡት ባለሙያ እኚህ ናቸው። ከአዲስ አበባ ድረስ እርስዎን ብለው ነው የመጡት እኮ።»

ከእንግዶቹ አንዷ፣ ሰላማዊት የምትባል ወጣት ፎቶ አንሺ፣ ካሜራዋን ዝቅ አድርጋ ቀረበችኝ። ስድነት የለባትም፤ ትሕትና ያላት ልጅ ናት።

«አባቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልን። እኛ የእርስዎን ፎቶ አይተን ነው የመጣነው። ከትናንት ጀምሮ ስሞክር ነበር፤ ብርሃኑ በፍጹም አይገባም። እርስዎ ቅርንጫፉን ሳይነኩ እንደዚያ ያለ ብርሃን እንዴት አገኙ?»

ልጅቱ እየወቀሰችኝ አልነበረም። ከልቧ ልትማር ነው የጠየቀችኝ። እሷ ብትሰድበኝ ኖሮ መልሼ ሰድቤ እገላገል ነበር። ቄሰ ገበዝ በአንድ በኩል ቆመዋል። እማሆይ ጥዑመም በጣም አርጅተው፣ ጎብጠው፣ ከቤታቸው ወጥተው መቋሚያቸው ላይ ተደግፈዋል። ሁሉም መልሴን ይጠብቃሉ።

«አላገኘሁም፤ ቆረጥኩ» አልኳት። «በሰንጢ ቆረጥኩት። በማግሥቱ ጫጩቶቹን ቁራ በላቸው። ያ የምታዩት ፎቶ ከዚያ በፊት በነበረው ቀን የተነሣ ነው። የምታጎርሳቸው ለመጨረሻ ጊዜ ነው።»

ከዚያ እማሆይ ጥዑመ ቀና አሉ።

«ነፋስ ነው ብለኸኝ ነበር» አሉኝ።

«ዋሸሁዎት፣ እማሆይ።»

«እኔ እኮ አይቼሃለሁ፤ ዛፉ ላይ ስትወጣም፣ ስትወርድም። ይነግረኛል ብዬ ጠበቅሁ። ስንት ፋሲካ አለፈ መሰለህ?»

ቄሰ ገበዝ አድማሱ ለስለስ አላሉልኝም። ሌላ ሰው ቢሆን «ተናዘዘ እንግዲህ» ብሎ ያልፍ ነበር። እሳቸው ግን በእንግዶቹ ፊት፣ «ይህን ይዘህ ነው በዚህ በር ስትገባና ስትወጣ የኖርከው? እኛ ይኼን ዛፍ በነፍሳችን ስንጠብቅ፣ አንተ ፎቶህን ይዘህ ዝም?» አሉኝ። ትክክል ናቸው። በሌሎች ላይ ስናደድ የኖርኩትን ንዴት ሁሉ መጀመሪያ ራሴ ላይ ማውረድ ነበረብኝ።

ከዚያ ወደ ሠራተኛው ዞሩ። «አንተ ውረድ። መሰላሉንም አውጣ። እናንተም እንግዶች፣ ደብዳቤያችሁ ከመሥሪያ ቤት ነው፤ ዛፉ የመሥሪያ ቤት አይደለም። ጫጩት እስኪወጣ ድረስ ካሜራ ይዞ ከዚህ በር የሚያልፍ የለም።»

ኃላፊው ወደ ጎን ወሰደኝና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ምን ነክቶዎት ነው? ያ ፎቶ እኮ የዞኑ ገጽታ ሆኗል! ይኼ በውስጥ የሚያልቅ ጉዳይ ነበር» አለኝ። ገጽታ! ጉቶውን ዲዛይን ያለ ሰው ገጽታ ሲያስተምረኝ! «በጽሑፍ አመለክታለሁ፤ አውርዱት» አልኩት። አመለከትኩም። ደብዳቤው ተመርቶ ተመርቶ «በሚቀጥለው በጀት ዓመት ይታያል» የሚል መልስ መጣልኝ። ቢልቦርዱ ይኼን ስጽፍም ቆሟል።

ሁለቱ እንግዶች ተናደው በመኪናቸው ሄዱ። ስልኩን ለባለቤቱ መልሼለታለሁ፤ ይቅርታ ግን አልጠየቅሁትም። ሰላማዊት ቀረች። ካሜራዋን ቦርሳ ውስጥ ከታ በሩ ላይ ለቄሰ ገበዝ አስረከበችና፣ «መቀመጥ ብቻ ይፈቀድልኛል?» አለቻቸው። ከወይራው ርቀን አንድ የጽድ ዛፍ ሥር ተቀመጥን። ብርሃኑ ከጎን ሲመጣ የወፏን ጥላ እንዴት እንደምታይ አሳየኋት። ወፏ እስክትረጋጋ እኩለ ቀን ሆነ። ከዚያ ወደ ጎጆዋ ስትመለስ ሰላማዊት አለቀሰች። ምን እንዳስለቀሳት አልጠየቅኋትም።

ከዚያ በኋላ በየሁለት ቀኑ ወደ ቅጥሩ መመላለስ ያዝኩ። ቄሰ ገበዝ በሩ ላይ ኪሴን ይፈትሹ ነበር። በእውነት ይፈትሹኛል፤ ስልኬን ሳይቀር ተቀብለው ያስቀምጣሉ። ተናድጄ ነበር መጀመሪያ፤ ኋላ ሲያዩኝ ራሴ ኪሴን እገለብጥላቸው ጀመር። እማሆይ ጥዑመ አያናግሩኝም። እሳቸው በወንበራቸው፣ እኔ በድንጋዬ፣ ሃያ እርምጃ ያህል ተራርቀን እንቀመጣለን። ቁራ በመጣ ቁጥር እሳቸው መቋሚያቸውን ያነሣሉ፤ እኔ አጨበጭባለሁ።

አንድ ጠዋት ስደርስ እማሆይ ከወንበራቸው ተነሥተው ቆመዋል። በእጃቸው ጠሩኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። «ቶሎ በል» አሉኝ። አንደኛው ጫጩት ከጎጆው ወጥቶ ቅርንጫፉ ላይ ተለጥፏል፤ እንደ እናቱ መንቁሩን ወደ ላይ ቀስሯል፤ ከዛፍ ሽበቱ አይለይም። እናቲቱ ከቀጣዩ ዛፍ ሥር ሆና ትጠራዋለች። ወደቀ ስንል ክንፉን ዘረጋ፤ እየተንገዳገደ ደረሰና ግንዱን ጨበጠ። ሁለተኛው ብዙ አስጨነቀን። ፀሐይዋ ጠንክራ፣ እማሆይ ደክሟቸው ክንዴን ይዘው፣ ያን ጊዜ ነው የበረረው። ሁለቱም ግንዱን መቧጠጥ ጀመሩ። ጥቂት ቆይተን አጣናቸው፤ ግንድ ብቻ ሆኑብን።

«በል አሁን ሂድ፤ ደክሞኛል» አሉኝ እማሆይ። ክንዴን ግን ቤታቸው ደጃፍ እስኪደርሱ አልለቀቁትም።

ቄሰ ገበዝ ስልኬን ሲመልሱልኝ ይጮኻል። ኃላፊው ነው። ጫጩቶቹ መብረራቸውን ከማን እንደሰማ እንጃ።

«አቶ ምስጋናው፣ እንኳን ደስ አለዎት! ለሪፖርት ያስፈልገኛል። ሲበሩ አነሷቸው?»

«አላነሣሁም።»

«አንድም?»

«አንድም።»

«ታዲያ ለመብረራቸው ማስረጃው ምንድን ነው?» አለኝ።

ስልኩን ዘጋሁበት።